ስለ መንጋጋ አጥንት መታደስ



ሰው እንጀራውን ሲያላምጥ መንጋጋውን አያስበውም፤ ዋጋው የሚታወቀው ሲጐድል ነው። በጀርመን አገር አንድ ሰው በነቀርሳ ምክንያት የታችኛው መንጋጋው ተቈርጦ 9 ዓመት ያህል ጠንካራ ምግብ ሳይበላ ኖረ።

በኪል ከተማ ዶክተር ፓትሪክ ቫርንኬና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጡት፣ ግንበኛ አስቀድሞ ርብራብ እንደሚያቆም ሁሉ እነርሱም በመንጋጋው ልክ የቲታኒየም መረብ ሠሩ። በውስጡም የአጥንት ማዕድን፣ አጥንት የሚያሳድግ ፕሮቲንና የበሽተኛውን የራሱን መቅኔ ጨመሩ። በመቅኔ ውስጥ ግንደ ሕዋስ አለ፤ ይኸውም ገና ሥራው ያልተለየለት፣ አጥንት ለመሆን የሚችል ሕዋስ ነው። ደም እንዲያገኝም መረቡን በጀርባው ጡንቻ ውስጥ ቀበሩት።

ከ7 ሳምንት በኋላ አዲስ አጥንት ያበቀለውን ከነደም ሥሩ ወደ መንጋጋው አዛወሩት። ከ4 ሳምንት በኋላ ሰውየው ዳቦ በቋሊማ በላ።

ከቀዶ ጥገናው 15 ወር በኋላ ልቡ ቆሞ ዐረፈ። ለአንድ ሰው ስለ ቀና መድኃኒቱ ተገኘ አይባልም፤ መንገዱ ግን ተከፈተ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ሐኪሙ ርብራቡን አቆመ እንጂ አጥንቱን ያበቀለው የሰውየው ገላ ነው። ለእኛም መምህራንና ወላጆች ርብራቡን አቁመውልናል፤ ማብቀሉ የእኛ ፈንታ ነው።