ግማሽ ሰዓት በሹጋር ሎፍ ጫፍ

(በዕረፍት ቀን ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ባለፈው ስንገናኝ "ከአሰሪዎችሽ ጋር አየርላንድ ሄደሽ ምን አየሽ?" ብላችሁኝ ነበር። ሆቴሉንና ሱቁን ልተወው፤ አገር ቢቀየርም ካውያው ያው ካውያ ነው። ስለ ተራራው ላውራችሁ።

ተራራው ግሬት ሹጋር ሎፍ ይባላል። ከደብሊን በስተደቡብ፣ ዊክሎው በሚባል አካባቢ ነው ያለው። ድሮ ስኳር የሚሸጠው እንደ ሾጣጣ ቆብ ተደርጎ ነበር አሉ፤ ተራራው እሱን ስለሚመስል ነው ስሙ። ሲያዩት እሳተ ገሞራ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ኳርትዛይት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ዙሪያው ያለው ለስላሳ ድንጋይ በዘመን ብዛት ታጥቦ ሲሄድ እሱ ቆሞ ቀረ። ከፍታው 501 ሜትር ነው። ሳቃችሁ አይደል? እኔ ያደግሁባት ደሴ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ግን ከፍታ ሌላ፣ ቀጥ ማለት ሌላ።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሰፊ ነው፣ ኮረት የበዛበት። ግራና ቀኙ ሐምራዊ አበባ ያለው አጭር ቁጥቋጦ ነው። ወደ ጫፉ ስትጠጉ መንገዱ ያልቅና በድንጋይ መሃል የተሰነጠቀ ቀጥ ያለ ቦታ ይመጣል። እዚያ በእግር ብቻ አይሆንም፣ በእጅ እየቧጠጡ ነው።

ማዳም ከሕፃኑ ጋር መኪና ውስጥ ቀረች። ባባ ትልቋን ልጅ ይዞ ቀደመ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከእኔ ጋር ነበር። ስንጥቁ መሃል ስንደርስ ወደ ታች አየና ደረቀ። ድንጋዩን አቅፎ አልንቀሳቀስም አለ። ባባ ከላይ "ያላ! ያላ!" ይላል። ልጁ ቢወድቅ ማን እንደሚጠየቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ድንጋዩ አይጠየቅም።

"ባባ፣ እኛ እንወርዳለን" አልኩት። ነፋስ ስለነበር ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አምስት ዓመት ስሠራ "እሺ" ሳልል የመለስኩለት ያን ቀን ነው።

መውረድ ከመውጣት ይከብዳል። ስትወጪ ዓይንሽ የምትይዢውን ያያል፣ ስትወርጂ ግን እግርሽ ዕውር ነው። ስለዚህ ፊታችንን ወደ ድንጋዩ አዙረን፣ እኔ ከሥሩ ሆኜ እግሩን በእጄ እየያዝኩ አንድ በአንድ አስቀመጥኩለት። ሁለት እጅ ሁለት እግር አለሽ፤ ሁልጊዜ ሦስቱ ይያዙ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። ድንጋዩንም ሳትነቀንቂ ክብደትሽን አትስጪው፣ የላላ አለ። ልጁ እስኪረጋጋ በየእርምጃው በአረብኛ አስቆጠርኩት። ሃያ ሦስት ላይ መሬት ደረስን።

ባባና ልጅቷ ወርደው ሲመጡ ቁጥቋጦው ላይ ተቀምጠን አገኙን። እኔም "ባባ፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ፣ ጫፉን አይቼ ልምጣ" አልኩ። ለራሴ ጊዜ ስጠይቅ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ገደሉ ላይ አልተንቀጠቀጠም ነበር እኮ! "አልደከመሽም?" አለኝ። "አልደከመኝም" አልኩ። ሰዓቱን አየና "ሂጂ" አለ።

ብቻዬን ስወጣ ቀለለኝ። ከላይ በምሥራቅ ባሕሩ፣ በሰሜን ምሥራቅ ብሬይ የምትባል ከተማ፣ በሰሜን ደብሊን፣ በምዕራብ የዊክሎው ተራሮች ተደራርበው ይታያሉ። አሥር ደቂቃ ተቀመጥኩ። ስሜን የጠራ ሰው የለም። ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ሲል በጥርሴ ያዝኩት። አለቀሰች ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ አላለቀስኩም፣ ራበኝ። ኪሴ ውስጥ የልጁ ብስኩት ነበር፣ በላሁት። ከዚያ ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዙሬ ወረድኩ። አራት ደቂቃ ተርፎኛል።

ከእናንተ መሃል ወደዚያ የምትሄድ ካለች፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ሶሉ የሚይዝ ስኒከር አድርጊ። ረጅም ቀሚስሽን ወደ ላይ እሰሪው፣ ከሥሩ ሱሪ ልበሺ። ጉም ሳይታሰብ ይመጣል፣ ዝናቡም እንዲሁ፤ እርጥብ ድንጋይ እንደ ሳሙና ነው። ቀድመውሽ ከሚወጡ ሰዎች ሥር በቀጥታ አትቁሚ፣ ድንጋይ ይለቃሉ። አደጋ ከደረሰ 112 ወይም 999 ይደወላል፤ "ማውንቴን ሬስኪው" ካልሽ ይገባቸዋል።

ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ አሉ፣ ሻይ ስንጠጣ አሳያችኋለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።