ቁልፉ በማን እጅ ነው?
በሊፍትና በተንቀሳቃሽ ደረጃ አደጋዎች የሕግ ኃላፊነት ላይ ለተዘጋጀ ሥልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



እዚህ የተቀመጣችሁት የሕንፃ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች፣ የሊፍት ቴክኒሻኖችና የሕግ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኙት አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ አንዱ ከሳሽ ሌላው ተከሳሽ ሆኖ ነው። ዛሬ ማንም ሳይጎዳ በመገናኘታችን ከልብ ደስ ብሎኛል።

ሊፍት ሲነሣ ብዙው ሰው የሚፈራው የገመዱን መበጠስ ነው። ለዚህ ፍርሃት መልስ ከተገኘ ግን ረጅም ዘመን ሆኗል። ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት ከፍ ብሎ የቆመበትን መድረክ ገመድ አስቆረጠ፤ መድረኩም ጥቂት እንደ ወረደ በራሱ መያዣ ቆመ። ዛሬ አንድ ካቢን በበርካታ የብረት ገመዶች ይንጠለጠላል፤ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍም ሐዲዱን አንቆ የሚያስቆመው መሣሪያ አለው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ በሩ ነው። መብራት ይሄዳል፤ ካቢኑ በሁለት ፎቅ መካከል ይቆማል፤ ውስጥ ያሉት በሩን ይደበድባሉ። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ይሮጥና የውጭውን በር ይከፍታል። ልቡ ደግ ነው፤ ያሠለጠነው ግን የለም። ተሳፋሪው ወደ ታችኛው ፎቅ ሊዘል ሲል፣ ከካቢኑ ወለል በታች ያለው ክፍት ቦታ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ እንደሚወስድ አያስተውልም። ያስቸኮለው “አየር ሊያልቅብኝ ነው” የሚለው ሥጋት ነው፤ ካቢን ግን የአየር ማስገቢያ ክፍተት አለው። ቁጭ ብሎ ባለሙያ መጠበቅ ያድናል። ፍሬኑን በእጅ ልልቀቅ የሚል ደፋርም አይጠፋም። ጥቂት ሰው የያዘ ካቢን ፍሬኑ ሲለቀቅ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ያለው የማመጣጠኛ ክብደት ከእሱ ይከብዳልና። ይህን የማያውቅ ሰው እግሩን በር ላይ አድርጎ ቢያዝ ምን እንደሚከተል ቴክኒሻኖቹ ታውቃላችሁ።

በተንቀሳቃሽ ደረጃ በኩል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 በቻይናዋ ጂንግጆ ከተማ የደረሰውን ላንሣ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ደረጃው ጫፍ ስትደርስ የረገጠችው የብረት ክዳን ከሥሯ ከዳት። ልጇን ወደ ፊት ገፍታ አዳነች፤ እሷን ማሽኑ ዋጣት። የገበያ ማዕከሉ ሠራተኞች ክዳኑ መላላቱን ከደቂቃዎች በፊት አይተው ነበር። የማቆሚያው ቁልፍ እዚያው እያለ ደረጃው መዞሩን ቀጠለ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚያመኝ ይህ ነው።

ወደ ሕጋችን ልምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ነገሩ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2081 ስለ ማሽን ባለቤት ተመሳሳይ ነገር ይደነግጋል። ሊፍት የሕንፃው አካል ነው ወይስ ማሽን? የሕግ ባለሙያዎች ከሰዓት በኋላ ይከራከሩበታል፤ ተጎጂው ግን በሁለቱም መንገድ የባለቤቱን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለበትም። “የጥገና ውል አለኝ” ማለት ባለቤቱን አያድነውም። ከፍሎ ሲያበቃ ጥገናውን ያበላሸውን ድርጅት መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ ያ የሁለቱ ጉዳይ ነው። የባለቤቱን ኃላፊነት የሚያቀልለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ሥራ ላይ ለተጎዳ ቴክኒሻን ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል።

በ40/60 ኮንዶሚኒየሞች ጥያቄው ይከብዳል። ሊፍቱ የጋራ ነው፤ የጥገና መዋጮ ግን ሁሉም እኩል አይከፍልም፤ “ምድር ቤት ነኝ፣ ምን አገባኝ” የሚል አለ። ጉዳት ሲደርስ ግን ያው ነዋሪ የጋራ ባለቤት ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ይህን ዛሬውኑ ለአባሎቻቸው እንዲነግሩ እመክራለሁ።

ስለ ካሣም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል፣ የሕክምና ወጪ ይሸፈናል፣ ቤተሰቡ ወረቀት ይፈርማል። እርቅ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው፤ ወደፊት የሚቀረው ገቢም ይቆጠራል። ሐዘንተኛ ሰው ይህን ሳያውቅ መፈረም የለበትም። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በመርሕ ደረጃ ሁለት ዓመት ነው፤ በሆስፒታልና በሽምግልና መካከል በቀላሉ ያልፋል። የሞራል ጉዳት ካሣ ጣሪያ ደግሞ በቁጥር 2116 አንድ ሺህ ብር ነው። ሕጉ ሲወጣ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጅ ለሞተባት እናት ይህን ቆጥሮ መስጠት ያሳፍራል፤ መሻሻል አለበት ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወረቀት አይፈልግም። እያንዳንዱ አስተዳዳሪ የውጭ በር መክፈቻው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ያን ሰው ማን እንዳሠለጠነው፣ የጥገና መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈረመ ይነግረናል። መልስ የሌለው እዚሁ ሆኖ ወደ ሕንፃው ይደውል። ሥልጠናው ተከፍቷል፤ ከፊት ረድፍ እንጀምር።