ሽማግሌዎቻችን ሲረሱ ምን እናድርግ?
(በአሽቀሎን፣ በግቫት ጺዮን ሰፈር ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



እናታችን ጀበናውን እሳት ላይ ጥደው ሲረሱ፣ አባታችን ከጸሎት ሲመለሱ የሚኖሩበት ሕንፃ ሲጠፋባቸው፣ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ሁልጊዜ እርጅና ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አልዛይመር በ1906 የገለጸው፣ በስሙም የተጠራው በሽታ ሊሆን ይችላል።

በዚህ በሽታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን እንደ ጉድፍ አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። በ2012 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ አንጎልን የከበበው ንጹሕ ውሃ በደም ሥሮች ዳር እየገባ ጉድፉን ያጥባል። እጥበቱ በእንቅልፍ ጊዜ ይበረታል ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። በኖርዌይ፣ በኦስሎ፣ በጀርባ በኩል መድኃኒት እየወጉ የውሃውን አገባብና አወጣጥ በኤም አር አይ በሰው ላይ ተከታትለዋል። ውሃ አንጎል ውስጥ በሚጠራቀምበት ሌላ የመርሳት ሕመም የተያዙ ሰዎች ላይ አወጣጡ የዘገየ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ገና ምርምር ነው፤ ፈውስ አይደለም።

ኤም አር አይ ዕብራይስጥ አይጠይቅም። የሐኪሙ ምርመራ ግን በጥያቄ ይጀምራል፦ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ሰዓት ሣል» ይላል። እርሳስ ይዘው የማያውቁ፣ ጠዋት ሰባት ሰዓትን «አንድ ሰዓት» ሲሉ የኖሩ ሰው ቢሳሳቱ ታመዋል ማለት ነውን? መምህርነት የሠለጠንን ሁሉ የተፈታኙን ኑሮ የማያውቅ ፈተና እውቀቱን እንደማይለካ እናውቃለን። በሌላ በኩል «ቋንቋ ስለማይችሉ ነው» እየተባለ እውነተኛው በሽታ ተሸፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ኩፓት ሖሊም ስንሄድ፦
የተለወጠውን ነገር ከነጊዜው ጽፈን እንያዝ።
ትምህርት ቤት እንዳልገቡ ለሐኪሙ እንንገር።
አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ የልጅ ልጅ በአያቱ ገመና ላይ አስተርጓሚ አይሁን።
የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የመስማት ችግርና ድባቴም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ይታከማሉና ይመርመሩልን እንበል።

እነዚህ ሰዎች ሰባት ትውልድ በቃላቸው ቆጥረው ያጋቡን፣ የሱዳንን መንገድ ያለ ካርታ መርተው ያመጡን ናቸው። ዛሬ እነርሱ ሲረሱ ማስታወሱ የእኛ ተራ ነው።