የዕረፍት ቁጠባችን ወደ ዳሃብ፦ ገንዘባችን ለማን ደረሰ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ከዓመታዊው የሒሳብ ሪፖርት ጋር ስለ አንድ ጉዞም እንድንናገር ተጠይቀናል። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ አባላት ከዚህ ከጀርመን ተነሥተን ወደ ግብፅ፣ በሲና በረሃ ዳርቻ ወደምትገኘው ዳሃብ ሄደን አንድ ሳምንት ቆይተናል። የሄድነው ለማረፍና በነፋስ ኃይል በውሃ ላይ መንሸራተትን ለመማር ነው። ከተመለስን በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡልን። አንድ ደጋፊያችን፣ «የመረዳጃ ማኅበር በምን ገንዘብ ነው የባሕር ዳር ሽርሽር የሚሄደው?» ብለው ጻፉልን። አንዲት ታላቅ እኅታችን ደግሞ፣ «ልጆቻችን በተሠቃዩበት በሲና እንዴት ይዝናናል?» አሉን። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። እኛ ደግሞ ደረሰኞቻችንን ስንደምር ሦስተኛ ጥያቄ መጣብን። ሦስቱንም በየተራ እናቀርባለን።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ለጉዞው ከእርዳታ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልወጣም። ማኅበራችን ሁለት መዝገብ አለው። በአንደኛው የደጋፊዎቻችን ስጦታና የአባልነት መዋጮ ይያዛል፤ ከዚህ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሕመም፣ ለወሊድና ለቋንቋ ትምህርት ብቻ ነው። ሁለተኛው የዕረፍት ቁጠባ ነው። ዘጠኛችን በየወሩ 30 ዩሮ ለ24 ወራት አስቀመጥን። ለእያንዳንዳችን 720 ዩሮ፣ በድምሩ 6,480 ዩሮ ሆነ። ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ማየት ይችላል።

«ገንዘቡስ የራሳችሁ ይሁን፤ ዕረፍት ግን ቅንጦት አይደለም ወይ?» ለሚለውም መልስ አለን። ከዘጠኛችን ስድስታችን በጽዳት ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የምንውል ነን። ወገብ የሚያምመን፣ እጅ የሚደነዝዘን ብዙ ነን። የዓመት ፈቃድ ሲደርስ ወይ ወደ አገር ቤት ሄደን የቤተሰብ ችግር ስንፈታ እንከርማለን፣ ወይ እዚሁ ተቀምጠን ተጨማሪ ሥራ እንሠራለን። ለሰው የምትተርፍ ሴት ለራሷም መትረፍ አለባት። ማኅበራችን የተቋቋመው አባል ስትወድቅ ለማንሣት ነው፤ ሳትወድቅ መደገፍም ከዚያው ሥራ ይቆጠራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። ይህ ከሒሳብ ጋር አይገናኝም፤ ከሐዘን ጋር ነው። ሲና ሲባል ለብዙዎቻችን ሁለት ነገር ይታወሰናል። አንዱ ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት ደብረ ሲና ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በርካታ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሕገ ወጥ አሻጋሪዎች እጅ ወድቀው፣ በሰሜን ሲና ታግተው የማስለቀቂያ ገንዘብ የተጠየቀባቸው መከራ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ስልክ ተቀብለው ገንዘብ ያዋጡ እናቶች አሉ። ይህን ረስተን አልሄድንም።

ዳሃብ ያለችው በደቡብ ሲና ነው፤ መከራው ከተፈጸመበት ሥፍራ ሩቅ ናት። ስለ ሕዝቡም እውነቱን መናገር ተገቢ ነው። ከአጋቾቹ መካከል ቤዱዊኖች ነበሩ፤ ያመለጡትን ደብቀውና አብልተው ያተረፉም ቤዱዊኖች ነበሩ። አንድን ሕዝብ በወንበዴዎቹ ስም ብቻ መጥራት ትክክል አይደለም። እኛም በሰው አገር ስንኖር አንዱ ያጠፋው ለሁላችንም ሲቆጠር ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። በጉዟችን በሁለተኛው ቀን ማለዳ በባሕሩ ዳር ቆመን ለጠፉት ጸሎት አደረስን። ታላቅ እኅታችንንም ስለ ጠየቁን እናመሰግናለን፤ ባይጠይቁን ኖሮ ያ ጸሎት በዕቅዳችን ውስጥ አይገባም ነበር።

አሁን ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ዳሃብ በዐረብኛ «ወርቅ» ማለት ነው። በኦሪት ዘዳግም መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰችው ዲዛሃብ ይህችው ናት የሚሉ አሉ። ከተማዋ በአቀባ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ከሻርም ኤል ሼክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትገኛለች። ከባሕሩ ማዶ የሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮች በግልጽ ይታያሉ። ባሕረ ሰላጤው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰፊ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ24 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በሁለት ወገን ተራራ ስላለ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በጠባብ በር እንደሚያልፍ ሆኖ ይጠነክራል። የዳሃብ ሀብት ይህ ነፋስ ነው።

ከከተማዋ በስተ ደቡብ በአሸዋ ምላስ የተከለለ «ላጉና» የሚባል ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ። ነፋሱ ይነፍሳል፤ ማዕበሉ ግን በአሸዋው ስለሚገታ ውሃው ረጋ ያለ ነው። ለጀማሪ የሚመችም ለዚህ ነው። ዊንድሰርፊንግ ማለት ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ ሸራውን በእጅ እየመሩ መሄድ ነው። ካይትሰርፊንግ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ካይት በረጃጅም ገመዶች ከወገብ ቀበቶ ጋር ተያይዞ፣ በቦርድ ላይ የቆመውን ሰው ይስበዋል። ዊንድሰርፊንግ ለወንዶች እ.ኤ.አ. በ1984፣ ለሴቶች በ1992 የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ካይቱ የገባው በ2024 ፓሪስ ላይ ነው፤ የሴቶቹን የመጀመሪያ ወርቅም እንግሊዛዊቷ ኤሊ አልድሪጅ ወሰደች።

ትምህርቱን የወሰድነው አምስታችን ነን፤ የተማርነውም ዊንድሰርፊንግን ነው። ካይቱ ስሕተቱ ከባድ ነው፤ ቦርዱ ላይ ከመቆም በፊት ካይቱን ብቻ መቆጣጠር ለመማር ቀናት ይጠይቃል። ስለዚህ እሱን ዳር ላይ ተቀምጠን ተመለከትን። ከጉዞው በፊት አምስታችንም እዚሁ በከተማችን ገንዳ ዋና ተምረናል፤ ዋና የማትችል አባል ውሃ ውስጥ እንዳትገባ አስቀድመን ተስማምተን ነበር። ሰውነትን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የውሃ ልብስ ስላለ፣ «ምን ለብሼ እገባለሁ?» ብለው የሠጉትም ተረጋጉ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ መውደቅና መነሣት ብቻ ነው። ቦርዱ ላይ ትወጪያለሽ፣ ሸራውን በገመድ ከውሃው ትጎትቻለሽ፣ ነፋሱ ይመታዋል፣ ትወድቂያለሽ። አስተማሪዋ የነገረችን አንድ ነገር ነው፦ በክንድ አትጎትቱ፣ ወገባችሁን አቅንታችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ኋላ ተደገፉ። አረጋውያንን ከአልጋ ስናነሣ የምንማረውም ይኸው ነው! በሦስተኛው ቀን አራታችን ሄደን ተመለስን። የሃምሳ ሁለት ዓመቷ እኅታችን ከሁላችንም ራቅ ብለው ሄዱ፤ ከዳር ሆነን እልል አልን።

ቦታው ግን የነፋስ ስፖርተኞች ብቻ አይደለም፤ ባለቤት አለው። በዳሃብ የሚኖሩት ቤዱዊኖች በአብዛኛው የሙዜይና ነገድ ናቸው። ከተማዋ ከመስፋፋቷ በፊት ኑሯቸው በዓሣ፣ በተምርና በፍየል ነበር። ሲና እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በእስራኤል እጅ ቆይታ በ1982 ለግብፅ ተመለሰች፤ በዚያ ዘመን በባሕሩ ዳር የጀመረው ቱሪዝም ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። በተለምዶ ፍየል ጠባቂዋ ሴት ናት፤ የፍየል ጠጉር ፈትላ የድንኳኑን ጨርቅ የምትሸምነውም እርሷ ናት። ቤቱ በእጅዋ ሥራ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። ቡና ቆልቶ በሙቀጫ ወቅጦ ለእንግዳ ማቅረብ ግን የወንድ ወግ ነው። ይህን ስንሰማ ሳቅን፤ ለባሎቻችን እንደምንነግርም ቃል ገባን!

ቱሪዝም ሲመጣ ጂፑም፣ ግመሉም፣ ጀልባውም የወንዶች ሥራ ሆነ። ለሴቶቹና ለልጃገረዶቹ በአብዛኛው የቀረው የዶቃ አምባርና ጥልፍ ሠርቶ መሸጥ ነው። በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ አምባር ይዘው የሚዞሩት ብዙዎቹ ትናንሽ ልጃገረዶች ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ወጪያችን እንዲህ ነበር፦

ለአውሮፕላን፣ ለመግቢያ ፈቃድና ለኢንሹራንስ 3,420 ዩሮ፤
ለማደሪያ 1,260 ዩሮ፤
ለትምህርትና ለመሣሪያ ኪራይ 900 ዩሮ፤
ለምግብና ለሻይ 450 ዩሮ፤
ከአየር ማረፊያ ለማመላለሻ 160 ዩሮ፤
በቤዱዊን ቤተሰብ ለተመራ የበረሃ ጉዞና እራት 200 ዩሮ፤
ለሴቶች የእጅ ሥራ 90 ዩሮ፤
ድምር 6,480 ዩሮ።

ቤዱዊን እጅ መድረሱን በእርግጠኝነት የምንናገረው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ 290 ዩሮ ነው። ከ100 ዩሮ አራት ዩሮ ተኩል አይሞላም። ሴቶቹ እጅ የገባው ከ100 ዩሮ 1 ዩሮ ከ40 ሳንቲም እንኳ አይደርስም። ከግማሽ በላይ የሆነው ገንዘብ ሲና ሳይደርስ ለአውሮፕላን፣ ለመግቢያ ፈቃድና ለኢንሹራንስ ወጥቷል። ማንም አልሰረቀንም፣ እያንዳንዱም ክፍያ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን «የቤዱዊን ባህል» ተብሎ በማስታወቂያ የሚሸጠው ድንኳን፣ ጥልፍና ዳቦ የሴቶቹ የእጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የእነርሱ ድርሻ ከሁሉ ያነሰ ነው። የጉልበታችን ዋጋ ሌላ ሰው ኪስ ሲገባ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም።

ሌላ መንገድ እንዳለም አወቅን። በቅድስት ካትሪን ገዳም አቅራቢያ ፋንሲና የሚባል የቤዱዊን ሴቶች የእጅ ሥራ ድርጅት አለ፤ ሴቶቹ በቤታቸው ጠልፈው በጋራ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሐማዳ ከሚባለው ትንሽ ነገድ አራት ሴቶች በሲና የመጀመሪያዎቹ ሴት የተራራ መንገድ መሪዎች ሆኑ። ከመካከላቸው የምትታወቀው ኡም ያሲር ትባላለች፤ «የያሲር እናት» ማለት ነው፣ በእኛም አገር ሴት በልጅዋ ስም እንደምትጠራው። የነገዱን ወግ ጠብቀው የሚመሩት ሴት ተጓዦችን ብቻ ነበር፤ ሲመሽም ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ወጋቸውን ሳያፈርሱ ለራሳቸው በር ከፈቱ። እንደ እኛ ላለ የሴቶች ማኅበር ከዚህ የተሻለ አስጎብኚ ከየት ይገኛል?

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። እንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ በአንድ ቀን ሊናጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 በዳሃብ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ። በጥቅምት 2015 ከሻርም ኤል ሼክ የተነሣ የሩሲያ አውሮፕላን ወድቆ 224 ሰዎች አለቁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ በረራ ቆመ። የኮሮና ወረርሽኝም ተከተለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍየሏን ያልሸጠች ሴት ትሻላለች። እኛም አባሎቻችን በአንድ ገቢ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠሉ የምንወተውተው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የዕረፍት ቁጠባው በተለየ መዝገብ ይቀጥል፤ ወደፊትም የእርዳታ ገንዘብ እንዳይነካው በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ቡድን ከመሄዱ በፊት የማደሪያው፣ የምግቡና የጉዞው ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከቲኬቱ ውጭ ከሚወጣው ገንዘብ ቢያንስ ሲሶው በቦታው ተወላጆች እጅ እንዲገባ ይታቀድ። ባለፈው ጉዞ ከቲኬቱ ውጭ ካወጣነው 3,060 ዩሮ ሲሶው 1,020 ዩሮ ይሆን ነበር፤ የእኛ ግን 290 ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የእጅ ሥራ ስንገዛ ከሠራችው ሴት ወይም ከሴቶቹ ማኅበር እንግዛ፤ ሴቶቹንም ሳናስፈቅድ ፎቶ አናንሣ።

ለጠየቁን ደጋፊያችንም ለታላቅ እኅታችንም ምስጋናችን የላቀ ነው። ደረሰኞቹ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ። ሐሳቦቹ ላይ ውይይት ተደርጎ ድምፅ እንዲሰጥባቸው በትሕትና እንጠይቃለን።