የተሰፋው ገጽ፤ ከካምፓላ ስለ ተገኘ የሕዋስ ትምህርት



በሰው ገላ ያሉ ሕዋሳት፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሁሉም የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው። የጉበት ሕዋስና የነርቭ ሕዋስ የወረሱት ጽሑፍ አይለያይም፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ተማሪ ይህን ሰምቶ «መጽሐፉ አንድ ከሆነ የሥራው ልዩነት ከወዴት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የብልህ ጥያቄ ጠይቋል። ልዩነቱ የመጣው ከአነባበቡ ነውና።

ዲ ኤን ኤ በሚባለው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ሳይቶሲን በተባለው ፊደል ላይ ሜቲል የምትባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያላት ቅንጣት ትለጠፋለች። ሜቲል በአንድ ዘረመል መነሻ ላይ ሲበዛ ያ ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ገጹ አልተቀደደም፤ በክር ተሰፋ እንጂ። ሕዋስም ሲከፈል ስፌቱን ለልጆቹ ያወርሳል።

የተሰፋ ደግሞ ይፈታል። በ1962 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ጆን ገርደን ከእንቁራሪት እጭ አንጀት የወሰዱትን የሕዋስ አስኳል የራሱ አስኳል በጠፋ እንቁላል ውስጥ ቢያስገቡት የእንቁራሪት እጭ ሆኖ አደገ። በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ አራት ዘረመሎችን ጨምረው የአይጥን ቆዳ ሕዋስ ጽንስ ወደሚመስል ጠባይ መለሱት፤ ከዋነኞቹ ዘረመሎች የአንዳንዶቹ የሜቲል ስፌትም ተፈታ። ሁለቱም በ2012 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

የዚህ ስፌት ነገር በሕፃናት ሕይወት ላይ ሲሠራ የታየው ግን ከካምፓላ በተነሣ ታሪክ ነው። በ1957 ዶክተር ሂዩ ትሮዌል በሙላጎ ሆስፒታል የተኛ አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን እንዲያዩላቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ዶክተር ዴኒስ በርኪትን ጠሩ። የሕፃኑ መንጋጋ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አብጦ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በርኪት በጂንጃ ሌላ ሕፃን በዚያው ደዌ ተይዞ አገኙ። የመጀመሪያውን እንግዳ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሁለተኛው ግን ጥያቄ አስነሣ። መዝገብ አገላብጠው በ1958 ጥናታቸውን አሳተሙ። በ1961ም ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ 10,000 ማይል በመኪና ተጉዘው በሽታው የት የት እንደሚገኝ መረመሩ፤ ስፍራው ሙቀትና ዝናብ የሚበዛበት ቆላ ነበር፤ ወባ የጸናበት መሆኑም ታወቀ።

በዚያው ዓመት በርኪት በለንደን ሲናገሩ ዶክተር አንቶኒ ኤፕስታይን አደመጧቸው። ከዚህ በኋላ የዕጢ ቁራጭ ከካምፓላ ወደ ለንደን በአውሮፕላን ይላክ ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል የተገኘ ነገር አልነበረም። በ1963 መጨረሻ አውሮፕላኑ በጉም ምክንያት ወደ ማንቸስተር ዞሮ ናሙናው ሲዘገይ ፈሳሹ ደፍርሶ ደረሰ። ኤፕስታይን ተበላሽቷል ብለው ሳይደፉት በማይክሮስኮፕ ቢያዩት፣ ያደፈረሱት ከዕጢው የተለዩ ሕያዋን ሕዋሳት ሆነው ተገኙ። ከእነርሱ በተራቡት ሕዋሳት ውስጥ በ1964 ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ዛሬ በኤፕስታይንና በባር ስም የሚጠራውን ቫይረስ አዩ።

ይህ ቫይረስ የሚያድረው በሽታን ለመከላከል በተመደበው ቢ ሊምፎሳይት በተባለ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። ሲገባ ዲ ኤን ኤው ሜቲል የለበትም፤ ውሎ ሲያድር ግን ይለጠፍበታል። ይህ እንግዳን ዝም የሚያሰኝ ጥበብ ይመስላል፤ ቫይረሱ ግን በዝምታው ያተርፋል። በበርኪት ዕጢ ውስጥ ከቫይረሱ ዋና ዋና ፕሮቲኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሰውነት ዘበኞች ጠላታቸውን አይለዩትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እንደሚባለው ነው።

ሆኖም ጥፋቱ ሁሉ የስፌት እንዳይመስል። በዚህ ዕጢ ሚክ የሚባለው ዘረመል ከስፍራው ተዛውሮ ያለ ልክ ይነበባል፤ ይህ የጽሑፉ የራሱ መናወጥ ነው። መምህር ሁለቱን ለይቶ ሊያስተምር ይገባዋል። የተናወጠ ጽሑፍ በቀላሉ አይታረምም፤ ስፌት ግን የሚፈታበት መድኃኒት አለ። አዛሳይቲዲን የተባለው ሜቲልን የሚያሳንስ መድኃኒት ዛሬ ለአንዳንድ የደም በሽታዎች ይሰጣል። ለበርኪት ዕጢ ግን ዋናው ሕክምና አሁንም ኬሞቴራፒ ነው፤ ይህንም በርኪት ራሳቸው በካምፓላ ሞክረው ብዙ ሕፃናት ሲድኑ አይተዋል። በ1967 በዚያው የተቋቋመው የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል ዛሬ የኡጋንዳ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ይህ ዕጢ ከሰው ዕጢዎች ሁሉ እጅግ ፈጥነው ከሚያድጉት አንዱ ነው፤ በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ እብጠትና ያለ ጊዜው የሚነቃነቅ ጥርስ ምልክቶቹ ናቸው። ሕፃኑን በየቀኑ ፊት ለፊት የሚያየው ደግሞ መምህሩ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር የሚያስተምር መምህር እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያይ የጥርስ ሕመም ነው ብሎ እንዳያልፈው፤ ወላጆቹን በዚያው ዕለት ጠርቶ ወደ ሐኪም ይላካቸው። በሙላጎ የተጀመረው ምርመራ ሁሉ የተነሣው የሕፃንን ፊት ልብ ብሎ ከማየት ነውና።