የምርጫ ክልልን ወሰን ማን ያስምር?
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለከተማ ነዋሪዎች ካደረጉት ንግግር)



ስለ ምርጫ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ኮሮጆና ስለ ድምፅ ቆጠራ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ካርታ ላይ በሚሰመር መስመር አስቀድሞ ሊወሰን ይችላል። 50 መራጮችን አሥር አሥር ሰው ባላቸው 5 የምርጫ ክልሎች እንከፍል እንበል። 26ቱ ተቃዋሚውን፣ 24ቱ ገዥውን ፓርቲ ይደግፋሉ። አስማሪው ገዥው ፓርቲ ከሆነ አሥር የተቃዋሚ ደጋፊዎችን በአንድ ክልል ያጭቃል፤ በቀሩት አራቱ 6 ለ4 ያሸንፋል። አንድም ድምፅ ሳይሰረቅ አናሳው 4፣ አብላጫው 1 መቀመጫ ያገኛሉ።

በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች የምክር ቤት አባላት የራሳቸውን ወሰን ራሳቸው ሲያሰምሩ ኖረዋል። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ ማለት ይህ ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ ይህን ሥልጣን ከግዛቱ ምክር ቤት ነጥቆ 14 አባላት ላሉት የዜጎች ኮሚሽን ሰጠ። 5 ዴሞክራቶች፣ 5 ሪፐብሊካኖችና የሁለቱም አባል ያልሆኑ 4 ሰዎች ይቀመጡበታል። ማመልከቻውን የሚያጣራው የግዛቱ ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 8 በዕጣ ይወጣሉ፤ ቀሪዎቹን 6 እነርሱ ይመርጣሉ። ካርታው የሚጸድቀው ከሦስቱም ወገኖች ቢያንስ ሦስት ሦስት ድምፅ ሲያገኝ ብቻ ነው። የሕዝብ ቁጥር እኩልነት ቀዳሚ መስፈርት ነው፤ የተመራጮችን መኖሪያ ማየት ወይም ፓርቲን መጥቀም ክልክል ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው።

ኮሚሽን እንከን የለውም አንልም። ሚሺጋን በ2018 እ.ኤ.አ. 13 አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመች፤ በ2023 ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት በዲትሮይት አካባቢ 13 የምርጫ ክልሎችን ዘርን መሠረት አድርገው የተሰመሩ ናቸው ብሎ ሻረ። ኮሚሽኑም እንደገና አሰመረ። ካሊፎርኒያም በ2025 ኮሚሽኑ ለፌዴራሉ ኮንግረስ የሠራውን ካርታ በሕዝበ ውሳኔ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋለች፤ የግዛቱ ምክር ቤት ካርታ ግን የኮሚሽኑ እንደሆነ ቀርቷል። ስሕተቱ በአደባባይ ታይቶ በሕግ መታረሙ ነው ዋናው ቁም ነገር።

ወገኖቻችን፣

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎችንም ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሞቻችን ሰፍተዋል፤ በአዳዲስ ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ ግን በአሮጌ ቁጥር ይመዘናል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ቆጠራው ይካሄድ፤ ረቂቁን የሚያዘጋጅ፣ የፓርቲ ሹማምንት የማይገቡበት ገለልተኛ ኮሚሽን በአዋጅ ይቋቋም፤ ካርታው ከመጽደቁ በፊት በየከተማው ለውይይት ይቅረብ። ይህ ግዴታ ሥልጣን ብንይዝ እኛንም ያስራል።

የአንዱ ዜጋ ድምፅ ከሌላው እኩል ይመዘን!