የዛፍና የሰው የሕይወት መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የባዮሎጂ ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንዱ በመረብ ኳስ ሜዳችን ዳር ቆሞ ስለ ነበረው ዛፍ ነው፤ ሁለተኛው ከመካከላችን ስለ አንዱ ተማሪ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ የባዮሎጂ ትምህርታችን ግን አገናኝቷቸዋል።

ዛፉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን መረቡን ለመወጠር ብለን ግንዱን በሽቦ ጠምጥመን አሰርነው። ጨዋታው ሲያልቅ መረቡን ፈታን፤ ሽቦውን ግን ረሳነው። ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦው ቅርፊቱን እየቆረጠ ገባ። ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ አበጠ። እኛም «ዛፋችን ቀበቶ ታጠቀ» እያልን እንስቅ ነበር። ውሎ አድሮ ቅጠሉ ሳሳ፤ በሦስተኛው ዓመት ዛፉ ደረቀ።

ለምን እንደ ደረቀ ያወቅነው ዘግይተን በክፍል ውስጥ ነው። በዛፍ ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዛይለም ይባላል፤ በእንጨቱ ውስጥ ሆኖ ውሃንና ማዕድንን ከሥር ወደ ቅጠል ያወጣል። ሁለተኛው ፍሎየም ይባላል፤ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ልጥ ውስጥ ሆኖ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥርና ወደ ፍሬ ያደርሳል። የእኛ ሽቦ ያነቀው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ውሃው ገና ወደ ላይ ይወጣ ስለ ነበር ቅጠሉ ቶሎ አልጠወለገም፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች፥ እኛ ሳናየው፥ በረኀብ ይሞት ነበር። ሥሩ ሲሞት ውሃ የሚቀዳ ጠፋ።

ዛፍ ልብ የለውም። ታዲያ ውሃውን ያን ያህል ከፍታ ማን ያወጣዋል? ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከእነርሱ ውሃ እየተነነ ይወጣል። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲወጣ ሌላውን ይስባል፤ ስበቱም እንደ ክር እስከ ሥር ድረስ ይደርሳል። ተክል ከሚጠጣው ውሃ ከ100 እጅ 95ቱ የሚበልጠው በዚህ መንገድ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ ከመሬት የሚገባው ውሃ ከሚወጣው ሲያንስ ተክሉ ይጠወልጋል።

ሰው ግን ልብ አለው። የዐዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ 5 ሊትር ያህል ደምም ይገፋል። ደም በሰውነት ውስጥ የሚዞር መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. አስረዳ። ይሁን እንጂ ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን እንደሚሻገር በዓይኑ አላየም። በ1661 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር እጅግ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች አገኘ። ይኸው ሰው በኋላ የዛፍን ቅርፊት እንደ ቀለበት ዙሪያውን ልጦ ከቁስሉ በላይ ያለው ክፍል ሲያብጥ ተመለከተ። እኛ ባለማወቅ ያደረግነውን እርሱ ለማወቅ ሲል አድርጎት ነበር።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ባለፈው ክረምት የጓደኛችን የሁለት ዓመት ወንድም ተቅማጥ ያዘው። ጎረቤቶች ተሰብስበው «ውሃ ተቅማጡን ያብስበታልና አታጠጡት» አሉ። እናቱም ልጃቸውን ስለሚወዱ ምክሩን ተቀበሉ። በማግሥቱ ዓይኑ ጎደጎደ፥ አፉ ደረቀ፥ ሲያለቅስም እንባ አጣ። ጓደኛችን የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ሲለቀው ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። በዚያ ሰዓት በክፍላችን መስኮት ላይ ውሃ ነሥተን ያጠወለግነው የባቄላ ተክል ትዝ አለው። «እማዬ፥ ይህ ልጅ እየጠወለገ ነው» ብሎ ሕፃኑን አዝሎ ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ።

የደም ፈሳሽ ክፍል ከ100 እጅ 90 ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ የሚዞረው ደም ያንሳል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ኩላሊትም ሽንቱን ይይዛል። ነርሷ ከፋርማሲዎቻችን «ለምለም» በሚል ስም የምናውቀውን ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው። የዱቄቱ ምሥጢር ጨውና ስኳር አብረው መሆናቸው ነው። የአንጀት ግድግዳ ሁለቱን ባንድነት ሲያስገባ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ጠረፍ በኮሌራ ሲያልቁ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በዚህ ዓይነት መጠጥ ሕዝቡን ረዱ፤ ከ100 በሽተኞች 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ።

የጓደኛችን ወንድም በዚያው ምሽት ሸና። እናቱ በደስታ እልል አሉ። ሽንት እልል የሚያሰኝ መሆኑን ያን ቀን ተማርን!

የተወደዳችሁ ወላጆቻችን፥ እኛ ልጆቻችሁ እናንተን ለማስተማር አልቆምንም፤ የተማርነውን ለማካፈል ነው እንጂ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ውሃ አትከልክሉት፤ የሚጠባ ከሆነም ጡት አታስጥሉት። ዱቄቱ ካልተገኘ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ስጡት። ጨው ሲበዛ ይጎዳልና ከልኩ አትለፉ። ልጁ ከደከመ፥ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየበት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ሕፃኑ ዛሬ ከእናቱ ጋር ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። ዛፉን ግን ልንመልሰው አልቻልንም፤ ጉቶው በሜዳው ዳር አለ። በግቢያችን ዛፎች ላይ የቀረውን ሽቦ ሁሉ ባለፈው ወር ዞረን ፈትተናል፤ ለመረቡም ሁለት የብረት ምሰሶ ተክለናል። በጉቶው አጠገብ ያጸደቅነውን የዋንዛ ችግኝ ውሃ እንድታጠጡ፥ ምንም ነገር እንዳታስሩበት ከእኛ በኋላ ለምትመጡት አደራ እንላለን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይለምልም።